ደብተሩ ላይ የሌለችው ሠራተኛ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። ባልትና ቤት አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ከከፈትሁ 6 ዓመቴ ነው። ተመስገን፣ ይሸጣል። እኔ ግን አልቻልሁም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ሽሮ እቆላለሁ። 12 ሰዓት ላይ ልጆቹን ቀስቅሼ፣ ቁርስ አብልቼ፣ 2 ሰዓት ሱቅ እከፍታለሁ። ማታ 2 ሰዓት እዘጋለሁ። ከዚያ እራት አለ፤ ከዚያ የነገን አተር መልቀም አለ። 5 ሰዓት ላይ ጋደም ስል እንቅልፍ የለም። ልቤ ይመታል። ራሴን ያመኛል። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉ ደንበኞች በዚያ ሰዓት ይደውላሉ፤ «የነገው አውቶብስ ላይ ጫኝልን» ይላሉ። አንዲት ልጅ ቀጥሬአለሁ። ብቻዋን ስትሆን ግን በሚዛኑ አላምናትም።

የ7 ዓመቱ ልጄ ባለፈው ሱቅ መጥቶ ከደንበኞች ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ 10 ብር ዘረጋልኝ። «ምን ልስጥህ?» ስለው «ምንም። ለሚገዛ ሰው ስለምትስቂ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ መምህር ነው። «ዝጊው፤ በእኔ ደመወዝ እንደ ምንም እንኖራለን» ይላል። እናቴ ደግሞ «ሥራ ያገኘ ሰው ደከመኝ አይልም» ትላለች። በወር ወደ 18 ሺህ ብር አተርፋለሁ። ምን ይሉኛል? ልዝጋው?

መልስ፦ ልጅሽ ነጋዴ ይሆናል። ገንዘቡን ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ፣ የሚፈልገውን ለይቶ ነው የመጣው። ስንቱ ትልቅ ሰው ይህን አያውቅም።

ወደ አንች ልምጣ። አትዝጊው። ግን እንዲህ አድርገሽም አትክፈችው። ደብተርና እስክርቢቶ አምጭና አብረን እንየው። ከዚያ በፊት የራሴን ልንገርሽ። የሚመክርሽ ሰው የት ቦታ እንደ ወደቀ ማወቅ አለብሽ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ዳቦ ቤት ነበረኝ። በ1994 ከፈትሁ፣ በ2013 አስረከብሁ። ምድጃው የሚለኮሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የማርቆስን የሌሊት ብርድ ታውቂዋለሽ። ከጀርባሽ የጮቄ ንፋስ፣ ከፊትሽ እሳት። ግማሽ ጎኔ ሲበርደው ግማሹ ይቃጠል ነበር። «ለምደሽዋል» ይሉኛል። እኔም የለመድሁት ይመስለኝ ነበር።

11ኛው ዓመት ላይ፣ በሁዳዴ፣ ወደቅሁ። ሳምንቱን የማልረሳው ገብር ኄር ስለ ነበረ ነው። ያን እሑድ ካህኑ ስለ መክሊት ሰበኩ፤ አምስት ተቀብሎ አምስት ስላተረፈው አገልጋይ። ደስ አለኝ። ስለ እኔ የሚናገሩ መሰለኝ። ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ እህል ውኃ ሳልቀምስ፣ የዱቄት ጆንያ ስጎትት ዓይኔ ጨለመ። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ግፊቴ 190 በ110 ሆነ። ነርሷ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ አመጣች። ሌላውም ያንኑ አለ።

9 ቀን ተኛሁ። አንድ ቀን ብዘጋ ማርቆስ የሚራብ ይመስለኝ ነበር። አልተራበም። የቀጠርኋት ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ዙር አሳረረች። በሦስተኛው ቀን ደህና ሆነላት። በስድስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ «ዱቄት ለወጣችሁ እንዴ? ጣፈጠ» ብሎ ጠየቃት። ይህን የነገረችኝ ከዓመት በኋላ ነው። ዐውቃ ደብቃኝ!

አልጋ ላይ ሳለሁ የወንድሜ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሒሳብ የተማረ ነው። ደብተሬን አገላበጠና «አክስቴ፣ ዱቄት አለ፣ እርሾ አለ፣ እንጨት አለ፣ ኪራይ አለ፣ የልጅቷ ደመወዝ አለ። ያንች ደመወዝ የታለ?» አለኝ። «ትርፉ ነዋ!» አልሁት። «ትርፉማ የሱቁ ነው። የድካምሽ ዋጋ የታለ ነው የምልሽ» አለ። ተቆጣሁት። ግፊቴም ሳይጨምር አልቀረም። ሲሄድልኝ ግን ደብተሩን ስቤ መቁጠር ጀመርሁ።

ያንችን እንቁጠር። ሌሊት መቁላት 2 ሰዓት። ሱቅ 12 ሰዓት። ማታ መልቀም 2 ሰዓት። በቀን 16 ሆነ። እሑድን ሙሉ ታርፊያለሽ ብዬ ልውሰድ (አላመንሁም)። በሳምንት 96 ሰዓት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1156/2011። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሳይቆራረጥ፣ 24 ሰዓት ማረፍም አለ። አዋጁ የወጣው ለተቀጣሪ ነው። ባለሱቅ ራሷን በሥራ ብትጨርስ አይከለክላትም። ቁጥሩን ግን እይው። 96 ማለት ሁለት ጊዜ 48 ነው። የሁለት ሰው ሥራ ነው የምትሠሪው። 18 ሺው ለሁለት ሲካፈል 9 ሺህ፣ 9 ሺህ። በሰዓት ብትመቺው 47 ብር እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ሱቁ አላተረፈም፣ እህቴ። የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ ነው ለአንድ ሰው የከፈለሽ። ሁለተኛዋ ሠራተኛ ያች ሌሊት የማትተኛዋ ናት። ደብተርሽ ላይ ስሟ የለም። ዛሬ ማታ ጻፊያት። «የእኔ ደመወዝ፣ 9 ሺህ» ብለሽ፣ ልክ እንደ ኪራዩ፣ ከወጪው ጎን አስቀምጭው። በወሩ መጨረሻ ያን ገንዘብ ከሱቁ መሳቢያ አውጥተሽ ወደ ቤትሽ ውሰጅ። ከዚያ ወዲያ ለቤት ጉዳይ የሱቁ መሳቢያ ውስጥ እጅሽን አትክተቺ። ያኔ ሱቁ በእውነት ምን እንዳለው ታያለሽ። መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ደብተሩን ከባለቤቴ ደብቄ ነበር።

አሁን ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት እንሂድ። ለምን ትነሻለሽ? ሽሮ ለመቁላት። ለምን በየቀኑ? «ትኩስ ይሁን» ብለሽ ይሆናል። ሽሮ ዳቦ አይደለም! በየሌሊቱ መነሣት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ዳቦ ስለማያድር። አተሩ በደንብ ከተቆላ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ደርቆ ከገባ፣ ዱቄቱም ሳይበርድ ካልታሸገ፣ ሽሮ በሳምንት ምን ይሆናል? እናቶቻችን የዓመት በርበሬ በአንድ ሰሞን አዘጋጅተው ያስቀምጡ የለም እንዴ? በሳምንት አንድ ቀን ምረጭ። በቀን ብርሃን፣ ከልጅቷ ጋር ሆናችሁ የሳምንቱን ቁሉት። ወፍጮ ቤቱ ጭር የሚልበትን ቀን ጠይቀሽ ተራ ያዥ። በዚህ ብቻ በሳምንት ስድስት ሌሊት ታተርፊያለሽ።

በርበሬው ላይ ትንሽ ልቆይ። አንች የምትኖሪው በርበሬ አገር ነው። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ፣ ወንበርማ በዙሪያሽ ናቸው። ሌላው ከሩቅ የሚያስጭነውን ዛላ አንች ከገበሬው እጅ ትገዥዋለሽ። አዝመራው ገብቶ ገበሬው በብዛት ሲያወርድ ዋጋው ዝቅ ይላል። ክረምት ሲመጣ ይወጣል። እንግዲህ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የምትገዥ ከሆነ የዓመቱን ውድ ዋጋ ሁሉ እየከፈልሽ ነው። ገንዘብ የለኝም እንዳትይኝ። ዕቁብ እንዳለሽ አልጠራጠርም። ዕጣሽ በርበሬ ሰሞን ላይ እንዲወድቅ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገሪ፤ ወይም ዕጣ ከሚለውጥሽ ሰው ጋር ተስማሚ። እኔ የክረምት እንጨቴን የምገዛው በዕቁብ ነበር።

ግን ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ ጣጣ አለው። እርጥብ ዛላ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ጉበት ይጎዳል። ማመስ ሻጋታውን ይገድለዋል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ሲያዩት የጠቆረውን፣ ሲያሸቱት የታፈነውን ዛላ «ከሌላው ጋር ሲፈጭ አይታወቅም» ብለሽ እንዳትቀላቅይ። ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት። ጆንያው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ርብራብ ሥሪለት። ከግድግዳም ይራቅ። በርበሬ ስትቀነጥሱና ስታምሱ ደግሞ ውጭ ሁኑ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ያ አቧራ ለደረት ጥሩ አይደለም። ልጅቷንም እንዲሁ። የእሷም ሳንባ ሳንባ ነው።

ልጅቷን ካነሣን አይቀር፣ «በሚዛኑ አላምናትም» ያልሽው ነገር አለ። ሌባ ናት አላልሽም። አላምናትም ነው ያልሽው። ሚዛኑን ከእጇ አውጭው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድ ኪሎ እያደረጋችሁ አሽጉ። ጠዋት ቆጥረሽ ስጫት። ማታ የቀረውን ቆጥረሽ ተቀበይ። የጎደለው እሽግ ከገንዘቡ ጋር ከገጠመ አለቀ። እሷም ከጥርጣሬ ትድናለች፤ አንችም በር በሩን ከማየት። የሳምንት ዕረፍቷን ስጫት። ደመወዟንም ጨምሪላት። ሙያሽን ይዛ ትሄዳለች ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። አዎ፣ ልትሄድ ትችላለች። የእኔ የመጀመሪያዋ ሄዳ ከእኔ ሱቅ ሦስት በር አልፋ ዳቦ ቤት ከፈተች። አንድ ዓመት ሰላምታ ነሣኋት። ዛሬ ላይ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሁለተኛዋ ግን ቆየች። ሱቁን ያስረከብኋት ለእሷ ነው።

የጭማሪውን ገንዘብ ከየት ላምጣው ትይኛለሽ። ከዋጋው። ስንት ኪሎ እንደምትሸጭ አልጻፍሽልኝም። በወር 200 ኪሎ ቢሆን፣ ኪሎው ላይ 30 ብር ብትጨምሪ 6 ሺህ ብር ነው። ለሌላ ሰው እጅ የሚሆን ገንዘብ ነው ይህ። «ደንበኛ ይሸሻል» የሚለው ፍርሃት የሁላችንም ነው። እኔ በአንድ ዳቦ 25 ሳንቲም ለመጨመር ስምንት ወር ፈራሁ። ስጨምር ሦስት ሰው ሰደበኝ። ከሦስቱ ሁለቱ በሳምንቱ መጥተው ገዙ። ሦስተኛው አሁንም እድር ላይ ያኮርፈኛል፤ ይሁን።

ስልኩስ? ሌላ ሲም ካርድ አውጭ። የሱቁ ስልክ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋና እዚያው ሱቅ ይደር። ለሩቅ ደንበኞችሽ «አውቶብስ ላይ የምጭነው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ትእዛዝ የምቀበለው በዋዜማው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ክፍያው አስቀድሞ በቴሌብር ነው» ብለሽ አንድ ጊዜ ላኪላቸው። በሌሊት የሚደውለው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አንች ስለምታነሽ ነው። ደግሞ በርበሬ ያለቀበት ሰው በሌሊቱ 5 ሰዓት ወጥ አይሠራም።

የዕረፍት ቀንሽን ከገበያ ማግስት አድርጊው፤ ያን ቀን ሰው ሸምቶ ጨርሷል። እናትሽን ደግሞ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። የገበሬ ልጅ ከሆኑ ያውቁታል። በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ29 በባለ እግዚአብሔር አባታቸው በሬ ጠምደው ያውቃሉ? የጎጃም ገበሬ በበዓል ቀን ከነበሬው ያርፋል። እሳቸው ያደጉት ቀኑ እየተቆጠረ በሚያርፍ ቤት ነው። አንች ግን ሱቅ ስለሆነ፣ ሱቅ ደግሞ ቀንበር ስለሌለው፣ ሁሌ ተጠምደሽ ትውያለሽ።

ለቅሶና ዘመድ ጥየቃ ቀንሽ የሚሉሽ አሉ፤ «ለሥራሽ ጊዜ ይተርፍሻል» ብለው። አትስሚያቸው። እኔ ስወድቅ ዘጠኙን ቀን ሙሉ ያበሉኝ ለቅሶ የደረስሁላቸው ሰዎች ናቸው።

ባለቤትሽን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ እንዳይቀየሙኝ። «ዝጊው» ማለት ቀላል ነው። ከባዱ «ማታ እኔ አለሁ» ማለት ነው። መምህር ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገባል። ልጆቹን እራት ያብላ፤ የቤት ሥራ ያሠራ። ወጥ አልችልም ካለሽ፣ ሽሮ በቤታችሁ ሞልቷል። ደብተሩንም እሱ ይያዝልሽ፤ የመምህር እጅ ጽሑፍ ያምራል።

ጤናሽን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ ብጽፈው «እሺ» ብለሽ ታልፊው ነበር። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጅ። ነገ ነው የምልሽ። ግፊትሽን ከመለካትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጭ፤ አምስት ደቂቃ ተቀመጭ። በተለያየ ቀን ተለክቶ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልግሻል። ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ እኔን እስከምወድቅ ድረስ አላመመኝም። ልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ከጭንቀት ብቻ አይመጣም። ደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክም እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለሽ አትናገሪ። ምልክቱን ብቻ ንገሪያቸውና እነሱ ይመርምሩሽ። ቡናውንም ቁጠሪ። ሱቅ ውስጥ በየሰዓቱ የሚመጣ ስኒ አይቆጠርም፤ አውቀዋለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይቅርብሽ።

ደመወዝሽን ጽፈሽ፣ ሌላ እጅ ጨምረሽ፣ ዋጋውን አስተካክለሽ ስድስት ወር ሞክሪው። ሱቁ በዚህ ሁሉ ራሱን ካልቻለ ያኔ ዝጊው። አላዝንብሽም። አንችም አትዘኚ።

ያን 10 ብር ተቀብለሽው እንደሆነ ግን መልሽለት። ዕቃ ሳይሰጡ ገንዘብ መውሰድ በንግድም ነውር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ተማሪ ካለ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው። ወገቤ አልቋል። ክረምት ሲገባ ተማሪው ይወጣል፤ ሱቁ ጭር ይላል። ኪራይ ግን አይወጣም፤ በወር 6 ሺህ ብር ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ግብር አለ። ከግንቦት ጀምሮ ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣለሁ። ደንበኛዬ ወንበር ላይ ተኝቶ እኔ ቆሜ እቀናበታለሁ።

መልስ፦ መጨረሻ ላይ ያልኸው አሳቀኝ። አየህ፣ ያንተ ጭንቀት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ቀኑ ይታወቃል። ብዙ ነጋዴ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። አንተ ወሩን ጭምር ነገርኸኝ። ገበሬም ክረምቱን ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ጎተራ የሠራው።

ያንተን ጎተራ እንሥራው። የሁለት ወር ኪራይ 12 ሺህ ብር ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ የምትሠራባቸው ቀኖች በዓላቱን ቀንሰን 220 ያህል ይሆናሉ ብንል፣ በቀን 55 ብር አይሞላም። ይህ ከአንድ ራስ ዋጋ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በየቀኑ የመጀመሪያውን ደንበኛ ለክረምት ቁረጠው። የእሱን ገንዘብ ኪስህ ሳታስገባ ወደ ሌላ ሒሳብ አሳልፈው። ከዚያ ከሁለተኛው ራስ ጀምሮ ያንተ ነው። ግንቦት ላይ ሲጨንቅህ ሒሳቡን ክፈትና እየው። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት እሱ ነው።

ግብሩን እስከ ሐምሌ መጨረሻ አታቆየው። በመጨረሻው ሳምንት ያለውን ሰልፍ ታውቀዋለህ። ተማሪው እንደ ወጣ፣ ጭር ባለው በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሰው። የኪራይ ውልህን፣ የመብራትና የዕቃ ደረሰኞችህን በአንድ ፖስታ ውስጥ ከአሁኑ አጠራቅም።

ወገብህን በተመለከተ፣ ወንበርህ ከፍና ዝቅ ይላል? ካለ ለምን አትጠቀምበትም? ብዙ ፀጉር አስተካካይ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ከፍታ አድርጎ እሱ ይጎብጣል። ከፍ አድርገው፤ ደንበኛው ወዳንተ ይምጣ። እግርህ ሥር አንድ ጡብ የምታህል ነገር አኑርና አንዱን እግርህን እያፈራረቅህ አሳርፍባት። ከሁለት ሰው በኋላ አምስት ደቂቃ ተቀመጥ። ሕመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝህ ከሆነ ግን ጡቡን ትተህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ነሐሴን ደግሞ ጭር ያለ ሱቅ ውስጥ ስልክ እየጎረጎርህ አታሳልፈው። ፍልሰታን እናትህ ዘንድ ሂድ። ኪራዩን እኮ ከፍለህለታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ደጀን ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ሾፌሮች ናቸው። መንገድ ሲዘጋ የሠራሁት ሁሉ ይበላሻል። ሲከፈት ደግሞ የዓባይን በረሃ የወጣ መኪና ሁሉ በሌሊት በሬን ያንኳኳል። ወይ አልሸጥ፣ ወይ አልተኛ። ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ መንገዱ በአንችም በእኔም እጅ አይደለም። ድስቱ ግን በእጅሽ ነው። ጥርጣሬ ባለበት ቀን ሥጋ አትጣጂ። ሽሮና ምስር ሰው ሲመጣ በቶሎ ይደርሳል። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት በፀሐይ ድርቆሽ አድርጊው። ሾፌር ድርቆሽ ይወዳል፤ መንገድ ላይ ስንቅ ይሆነዋል።

ለሌሊቱ ደግሞ ከጎንሽ ያለችውን ባለ ምግብ ቤት አነጋግሪያት። እሷም እንዳንች ሳትተኛ ነው የምታድረው። እኔ ከአንድ ዳቦ ቤት ጋር እንዲህ ተስማምተን ነበር፤ የበዓል ማግስት አንዱን ዓመት እኔ፣ አንዱን ዓመት እነሱ እንከፍታለን። ሰኞ ሌሊት አንች ክፈች፣ ማክሰኞ እሷ ትክፈት። የተኛችው በሯ ላይ አምፖሏን ታጥፋ። ሾፌሮቹ የትኛው በር እንደሚበራ በሳምንት ይለምዱታል።